በእርሳስ የተሠራ የሰው ምስል ለሽያጭ ቀርቦልኛል፤ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ በእርሳስ የተሠራ ስዕል ለሽያጭ ቀርቦልኛል። አንዲት ሴት ዱካ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ጣቶቿ ከልክ በላይ ረዝመዋል፣ አንገቷ ወደ ግራ እንደተሰበረ ያህል ዘንበል ብሏል፣ ፊቷ ላይ ያሉት ሦስት አራት መስመሮች ብቻ ናቸው። ሻጩ ኤክስፕሬሽኒስት ነው፣ ማለትም ስሜትን ለማውጣት ታውቆ የተጣመመ ነው ይላል።

ወረቀቱ ኤ2 ነው፤ ቁመቱ 59.4፣ ወርዱ 42 ሳንቲ ሜትር። ፍሬም የለውም። ከታች በቀኝ በኩል ፊርማና 2009 የሚል ቁጥር አለበት፤ ፊርማው ከወረቀቱ ጠርዝ 1.2 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ጀርባው ላይ፣ በላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ቢጫ የሆነ ስኮች ተለጥፏል። ፊት ለፊት ከግርጌ በግራ በኩል ከምስር የማይበልጡ አምስት ስድስት ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ። የተጠራው ዋጋ 18,000 ብር ነው። ሰዓሊው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የሚሸጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

በእጅ የተሠራ ይሁን ኅትመት በምን ልለይ? መጣመሙስ ታስቦበት ነው ወይስ መሣል ካለመቻል? ነጠብጣቡና ስኮቹ ምን ያህል ያሳስባሉ?

እርሳስ 6ቢ፦

ሳትከፍዪ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ኅትመት መሆን አለመሆኑን ለመለየት የስልክሽ መብራትና 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ይበቃሻል። ማጉያ ከሌለሽ በስልክ ካሜራ በጣም ቀርበሽ አንሺና ፎቶውን አጉልተሽ እዪው።

ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው፣ ክፍሉን አጨልሚው፣ መብራቱን ከጎን አስተኝተሽ አብሪበት። የእርሳሱ ጥቁር ልብ ግራፋይት የሚባል ማዕድንና ሸክላ ተቀላቅሎ የተጋገረ ነው። በተጫኑት ቁጥር ግራፋይቱ ይተኛና እንደ ብር ያበራል፤ ስለዚህ ጠቆር ያለው ቦታ ሲያብለጨልጭ ቀለል ተደርጎ የተሠራው ግራጫ ደብዘዝ ይላል። የቀለም ፕሪንተር ሥራ እንዲህ አያበራም፤ በማጉያ ሲያዩት ግራጫው የነጠብጣብ ክምችት ነው። የሚያሳስተው በቶነር (በዱቄት ቀለም) የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ነው። ቶነር በሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ እሱም ያበራል፤ ግን ጥቁሩም ግራጫውም እኩል ነው የሚያበራው፣ በማጉያ ሲታይም ወረቀቱ ላይ እንደ ቅርፊት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እርሳስ ግን የወረቀቱን ጉብታ እየነካ ጎድጓዳውን ይዘልለዋል፤ መስመሩን አጉልተሽ ስታዪው በመሃሉ ነጭ ነጭ ፍንጣሪ ታያለሽ።

ከዚያ ገልብጪው። ዋናው ማስረጃ ጀርባው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ስዕል እጅ ሳይከብድ አይሠራም፤ ስለዚህ መብራቱን በጎን ስታበሪ በጣቶቹ፣ በጉልበቱና በጀርባዋ መስመር ትክክል ጀርባው ላይ ጉብ ጉብ ያለ ፈለግ መታየት አለበት። ከድንጋይ የሚታተም ሊቶግራፍ የእርሳስ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ጥቁሩ ግን ደብዛዛ ነው፣ ጀርባውም የእርሳስ ጫፍ የተጫነው ፈለግ የለውም። በጣትሽ አትሞክሪ፤ "በላጲስ እንየው" የሚል ከመጣም እንቢ በዪ። 6ቢ እና ከዚያ በላይ ለስላሳ የሆነ እርሳስ አንዴ ከተሻሸ አይመለስም።

ወረቀቱን መዝኚው። ኤ2 የአንድ ካሬ ሜትር ሩብ ስለሆነ በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን የሚያነበውን ግራም በ4 አባዢው። 20 ግራም ከመዘነ ባለ 80 ግራም ተራ ወረቀት ነው፤ 50 ግራም ከሆነ ባለ 200 የስዕል ወረቀት ነው። ይህ ለዋጋም ለዕድሜም ትልቅ ነገር ነው። ግራፋይት ካርቦን ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ የሚያረጀው ወረቀቱ ነው። ርካሽ የእንጨት ልም ወረቀት በውስጡ ካለው ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር) እና አሲድ የተነሳ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ሲታጠፍ ይሰበራል።

ቡናማውን ነጠብጣብ ሳትነኪ በመብራቱ ተመልከቺው። ብናኝ ወይም ጸጉር ነገር ካለው ያልሞተ ሻጋታ ነው፤ አትግዢው፣ ወይም ካልደረቀና ካልጸዳ ወደ ቤት አታስገቢው። ከወረቀቱ ጋር እኩል ተኝቶ ሽታ ከሌለው የቆየ የእርጥበት ምልክት ነው፤ ከክረምት ወደ ክረምት ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ የሚባባስበት ምክንያት ያንሳል። ስኮቹን በሚመለከት አንድ ነገር ነው የሚታየው፦ ማጣበቂያው ወረቀቱን ዘልቆ ፊት ለፊት እንደ ቅባት ወጥቷል ወይስ አልወጣም?

ቁጥሩንም ጠይቂ። 2009 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. 2016/17 ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ የእኛ 2001/2002 ነው። ሰዓሊዎቻችን ሁለቱንም ስለሚጽፉ ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። ፊርማው ስዕሉ በተሠራበት እርሳስ መሆኑንም እዪ፤ በሌላ፣ በጠንካራ እርሳስ ከሆነና መስመሩ በተሻሸው ጥላ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የተጨመረ ነው። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፣ ብዙዎች ሲሸጡ ነው የሚፈርሙት፤ ግን ሰዓሊውን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ቁመና፦

መጣመሙን በሚመለከት እኔ ልመልስ።

ኤክስፕሬሽኒስት የሚለው ስም አሁን አሁን ላልተስተካከለ ስዕል ሁሉ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1905 ጀርመን ውስጥ ድሬስደን ላይ "ድልድይ" የሚለውን የሰዓሊዎች ቡድን የመሠረቱት ወጣቶች ሞዴሉ፣ ማለትም ለመሣል የሚቀመጥላቸው ሰው፣ በየሩብ ሰዓቱ ቁመና እየቀየረ ነበር የሚሥሉት፤ እጅ ለማስዋብ ጊዜ ሳያገኝ ዓይን ያየውን እንዲያወጣ። ቪየና ላይ ሰዓሊው ኤጎን ሺለ ሰውን እያከሳና እያስረዘመ ይሥል ነበር፤ የጣቶቹን አንጓ ግን አንድ በአንድ ቆጥረሽ ታገኚዋለሽ። እኛ ዘንድ ይህን መንገድ ለማየት ስድስት ኪሎ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ውጪ። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ የመጣ ሰዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው "ጎልጎታ" የቀለም ሥራ ቢሆንም፣ ቅርጽ ሲፈርስ ምን እንደሚተርፍ ዓይንሽን ያስተምረዋል።

አንድ ነገር እዚህ አገር ብቻ የሚያጋጥም ስለሆነ ልጨምር። ትልልቅ ዓይን ያለውን ሁሉ ኤክስፕሬሽኒስት የሚሉ ሻጮች አሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ትልቅ ዓይን ሥርዓት ነው፤ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ የጋራ ቋንቋ ነው። ኤክስፕሬሽኒዝም የአንድ ሰው ስሜት ነው። ሁለቱን አገናኝቶ የሚሠራ ሰዓሊ ሊኖር ይችላል፤ ግን ዓይኑ ተለቀ ተብሎ ስሙ አይሰጥም።

ወደ ስዕልሽ ስንመጣ፣ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እዪ። አውቆ ያጣመመ ሰው አጥንቱን ያስረዝማል እንጂ መገጣጠሚያውን አያጠፋም። ጣቱ እጥፍ ቢረዝምም ሦስቱ አንጓዎች በየቦታቸው ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱም ከመዳፉ ጎን፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ይነሳል እንጂ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ አይበቅልም። በእኔ ግምት የአንድ ሰዓሊ ችሎታ ከፊት ይልቅ አውራ ጣት መነሻ ላይ ይታወቃል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ሴትዮዋ ዱካው ላይ ተቀምጣለች ወይስ ተንጠልጥላለች? ዳሌዋ ዱካውን የሚነካበትና እግሯ መሬት የሚነካበት መስመር ከሌላው መጥቆርና መወፈር አለበት። ጭንቅላቷን በነጭ ወረቀት ሸፍኚና ቀሪውን ብቻ እዪው፤ አካሉ ያለ ፊቱም ተቀምጦ ከታየሽ ስዕሉ ቆሟል።

መስመሩ ራሱስ? ያልተማረ እጅ አጫጭርና ጸጉራም መስመር እየደራረበ ይፈልጋል፤ የሚያውቀው ረጅም ይስባል፣ ሲሳሳትም አያጠፋም፣ ትክክለኛውን አጠገቡ ያወርዳል። በተረፈ እጅና እግር የት እንደገቡ ፈልጊ። በቀሚስ፣ በጨለማ ወይም በወረቀቱ ጠርዝ ከተደበቁ ሰዓሊው ፈርቷቸዋል። ፊቱ እንደ ፎቶ ተለፍቶበት አካሉ ብቻ ከተጣመመም ጥርጣሬ ግቢ።

ራስሽም ዱካ ላይ ተቀምጠሽ ቁመናውን ሞክሪው። ግማሽ ያህል ከሆነልሽና ጡንቻሽ የሚወጠርበት ቦታ ስዕሉ ከጠቆረበት ጋር ከገጠመ፣ ሰዓሊው ፊቱ የተቀመጠ እውነተኛ ሰው እያየ ነው የሠራው ማለት ይቻላል።

የአራት ኪሎዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በሻጩ ፈቃድ እንዳላችሁት አየሁት። ጥቁሩ ያበራል፣ ግራጫው አያበራም። ጀርባው ላይ የጣቶቹና የአከርካሪዋ ፈለግ በግልጽ ይታያል። 46 ግራም መዘነ፤ በ4 ሲባዛ 184 ነው። አውራ ጣቶቿ ሁለቱም ይታያሉ፣ መነሻቸውም ትክክል ነው፤ የእግሯ ጣቶች ግን በቀሚሷ ተሸፍነዋል። የጀርባዋ መስመር ከአንገት እስከ ዱካው በአንድ ጉተታ የተሠመረ ነው። ነጠብጣቡ ሽታ የለውም፣ ብናኝም የለውም። የግራው ስኮች ፊት ለፊት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቅባት መሰል ምልክት አውጥቷል፤ የቀኙ አልወጣም።

ሻጩ ካልከፋሽ ላሚኔት ላድርግልሽ አለ። አንድ ፍሬም ሠሪ ደግሞ እንዳይጨማደድ ኤምዲኤፍ ላይ በማስቲሽ ለጥፎ፣ ስፕሬይ ነፍቶ፣ መስታወቱን ከላይ እንደሚያስቀምጥበት ነገረኝ። ይሁን?

ፓስፓርቱ፦

አይሁን። ሦስቱም ስዕሉን ይገድሉታል፤ ምክንያቱን በየተራ።

ላሚኔት በሙቀት የቀለጠ ፕላስቲክ ነው፤ ግራፋይቱ ወደ ፕላስቲኩ ይጣበቃል፣ ወረቀቱን ሳያበላሹ ማላቀቅ አይቻልም። ከዚያ በኋላ በእጅሽ ያለው የስዕል ዋጋ የለውም። ማስቲሽ ከጊዜ ጋር ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱን ዘልቆ ፊት ለፊት ይወጣል፤ የስኮቹ ምልክት በመላ ስዕሉ ላይ እንደተዘረጋ አድርገሽ አስቢው። ኤምዲኤፍም ራሱ አሲድ ይተፋል። ስፕሬይ ደግሞ የእርሳሱን ብልጭታ ይገድላል። በዚህ ዓይነት ስዕል ውስጥ የሚያበራው ጥቁርና ደብዛዛው ግራጫ መለያየታቸው ግማሹ ሥራ ነው። ፊክሳቲቭ (እርሳሱ እንዳይለቅ የሚነፋ ፈሳሽ) መንፋት ካስፈለገ የሚነፋው ሰዓሊው ነው፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እያደረቀ፣ መጀመሪያ በብጣሽ ወረቀት ሞክሮ። በክረምት እርጥብ አየር ከተነፋ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። የጸጉር ስፕሬይ ጭራሽ አይታሰብም፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል።

ትክክለኛው አሠራር ስዕሉ ምንም ሙጫ ሳይነካው ተይዞ፣ መስታወቱም ሳይነካው መቀመጡ ነው። አሲድ የሌለው ካርቶን ሁለት ያስፈልግሻል፤ አንዱ ከኋላ፣ ሌላው ከፊት መስኮት ተቆርጦለት። የፊተኛው ነው ፓስፓርቱ የሚባለው። ውፍረቱ ቢያንስ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ መስታወቱን ከስዕሉ የሚያርቀው እሱ ነው። ሲገዛ "አሲድ የሌለው" ተብሎ ካልተጻፈበት አትውሰጂ። ተራው ካርቶን ከጥቂት ዓመት በኋላ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቡናማ ክፈፍ ስዕሉ ላይ ያቃጥላል።

ልኩን ላስላልሽ። መስኮቱ ስዕሉን በየጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ይሸፍን፤ ስለዚህ ስፋቱ 41 በ58.4 ይሆናል። ከላይና ከጎን 7፣ ከታች 9 ሳንቲ ሜትር ስጪው፤ የታችኛው ካልሰፋ ስዕሉ ወደ ታች የተንሸራተተ ይመስላል። የካርቶኑም የመስታወቱም ልክ 55 በ74.4 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ፍሬሙ ግን በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ካርቶንም ይለጠጣል፤ ጥብቅ ከሆነ ስዕሉ ይጎብጣል። ፍሬም ሠሪዎች አንዲት ሚሊ ሜትር አትታይም ብለው ጭምቅ አድርገው ይገጥማሉ፤ አስቀድመሽ ንገሪው።

ስዕሉን የሚይዘው ሙጫ ሳይሆን ኪስ ነው። ከዚያው ከአሲድ ነጻ ወረቀት 3 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ቅዳጆች ቁረጪ፣ በርዝመታቸው እጠፊያቸው፣ አንዱን ክንፍ ከኋለኛው ካርቶን ጋር ለጥፊና ሌላው ክንፍ የስዕሉን ጠርዝ በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀፈው። ከታች አንድ ረጅም፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት አጫጭር ይበቃሉ። ከላይ ክፍት ይሁን፤ ወረቀቱ ሲተነፍስ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ሙጫው ካርቶኑን ብቻ ነው የሚነካው፤ ነገ ማውጣት ካስፈለገ ስዕሉ ተስቦ ይወጣል።

መስታወቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፍሬሙ ሲጨመርበት በአንዲት ሚስማር የሚንጠለጠል አይደለም፣ ሁለት መስቀያ ይሁን። ከፍሬሙ ጀርባ፣ በታችኞቹ ማዕዘኖች ከጠርሙስ ቡሽ የተቆረጠ 5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ለጥፊ፤ ከግድግዳው ጋር አየር ያልፍበታል። ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ከመስኮት ትይዩ አይሁን። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግም ይቅርበት፤ ጭሱ ቅባት አለው፣ በመስታወትና በፍሬም መሃል ባለች ስንጥቅ ይገባል። ጀርባውን በወረቀት ቴፕ ማሸግ ለዚህ ነው።

ወደ ቤት ስትወስጂው አትጠቅልዪው፤ ሲጠቀለል ግራፋይቱ ከራሱ ጀርባ ጋር ይፋተጋል። ከስዕሉ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጡ ሁለት ካርቶኖች መሃል፣ ፊቱ ላይ ለስላሳና የሚያሟልጭ ስስ ወረቀት አድርገሽ በጠፍጣፋው ያዢው። ጋዜጣ አታስነኪው። ዝናብ ካለ በፕላስቲክ ሸፍኚው፣ ቤት እንደገባሽ ግን አውጪው፤ ታሽጎ ካደረ ላብ ይይዛል።

ደረሰኝ፦

ስለ ዋጋው ባጭሩ። የወረቀት ሥራን ቁመትና ወርድ ደምሮ ማወዳደር ከስፋት ይሻላል፤ በስፋት ከሆነ ትንንሹ ሥራ ያለ ልክ ይረክሳል። 59.4 እና 42 ሲደመር 101.4 ነው፤ 18,000 በዚህ ሲካፈል በሳንቲ ሜትር 178 ብር ገደማ። አሁን የዚሁ ሰዓሊ ሌሎች የእርሳስ ሥራዎች በስንት እንደተሸጡ ጠይቂ። በዚህ ሒሳብ ኤ3 ሥራው 12,750 ብር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ የተጠራብሽ ተወድዷል። ከዘይት ቀለም ሥራው ዋጋ ጋር ግን አታወዳድሪ፤ የወረቀት ሥራ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስኮቹ ያወጣው ምልክትና ነጠብጣቡ እውነተኛ ጉድለቶች ስለሆኑ ቢያንስ የፓስፓርቱና የፍሬሙ ወጪ ከዋጋው ይነሳልኝ ብትዪ ነውር የለውም። ግን ሰዓሊውን አታዋርጂ፤ ጉድለቱ የአያያዝ ነው እንጂ የእጁ አይደለም።

ሰዓሊው በሕይወት ካለ ሳታናግሪው አትክፈዪ። የስዕሉን ፎቶ ልከሽ "የአንተ ነው? መቼ ሠራኸው? ለዚህ ሰው ሸጠኸዋል ወይስ በአደራ ነው የሰጠኸው?" ብለሽ ጠይቂ። በአደራ ከሆነ ገንዘቡ ለሰዓሊው መድረሱን አረጋግጪ። በደረሰኙ ላይ የሰዓሊው ስም፣ የስዕሉ ርዕስ፣ "እርሳስ በወረቀት ላይ"፣ 59.4 በ42 ሳንቲ ሜትር፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዋጋውና ያሉት ጉድለቶች ይጻፉ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍዪ ምክንያቱ ላይ የስዕሉን ርዕስ አስገቢ።

ስዕሉን መግዛት የማባዛት መብትን መግዛት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ሰዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፖስተር ወይም ቲሸርት ላይ ማተም ካሰብሽ በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ከአገር ይዘሽ ለመውጣት ካሰብሽ ደግሞ ከጉዞሽ ብዙ ቀን ቀድመሽ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ፤ ደረሰኙ እዚያም ይጠቅምሻል።

የአራት ኪሎዋ፦

ሰዓሊውን አገኘሁት፤ የእሱ ነው፣ 2009 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በአደራ ነው የሰጠው። በ15,500 ተስማምተናል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፍሬም ከመግባቱ በፊት ስኮቹን ላንሣው? መስኮቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሸፈነስ ፊርማው አይነካም?

ፓስፓርቱ፦

ፊርማው 12 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ 5 ተሸፍኖ 7 ይተርፈዋል። በግራ ያለው ምልክት 4 ሚሊ ሜትር ከሆነና ከጠርዙ ከጀመረ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ከጠርዙ ገባ ካለ ግን ይታያል፤ ለክተሽ ንገሪኝ፣ ከላይ በኩል ብቻ መሸፈኛውን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ይቻላል።

ስኮቹን አታንሺው። የደረቀ ስኮች ሲሳብ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው፣ በጸጉር ማድረቂያ ከሞቀ ደግሞ ማጣበቂያው ቀልጦ የበለጠ ይሰርጋል። ፕላስቲኩ በራሱ ጊዜ ለቆ ከተንጠለጠለ ብቻ የለቀቀውን በመቀስ ቁረጪ። ከስኮቹና ከኋለኛው ካርቶን መሃል ትንሽ አሲድ የሌለው ወረቀት ጣል አድርጊ፤ የሚለጠፍ አይደለም፣ ሙጫው ወደ ካርቶኑ እንዳይተላለፍ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጀርባውን ከፍተሽ አዲስ ነጠብጣብ መኖሩን እዪ፣ ወረቀቷንም ቀይሪ።